ለባሕር ዳር የሚሆን እሳት

ባለሙያው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «ወንድሜ፣ ሥራው ባሕር ዳር ከሆነ ጅማ ላይ ምን ያስለካኛል?» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሳንዲያጎ የላከውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ፤ ርዕሱንም «ለባሕር ዳር አየር ንብረት የሚሆን የጓሮ እሳት ማንደጃ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ባለሙያው ደግሞ የእኔ ዕድል ሆኖ ባሕር ዳር ሁለት ዓመት ሠርቷል። «እዚያ እኮ ይሞቃል፤ እሳት ምን ያደርግላቸዋል?» አለ። ከተማዋን ሳይሆን የውቅያኖስ ዳርቻ ማለቴ ነው፣ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «ጣና ጨው የለውም» አለኝ። ልክ ነው፣ የለውም።

ነገሩን ከመነሻው ላውራው። የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት ነው ያደገው። አሁን የሚኖረው የውቅያኖሱ ድምፅ ቤቱ ድረስ የሚሰማበት ሰፈር ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ጓሮው ውስጥ ፋየር ፒት የሚሉት ነገር አለው አለኝ። ማታ ማታ ቁልፍ ይጫናሉ፣ እሳቱ ቦግ ይላል፣ ጭስ የለ፣ ፍም የለ፣ አመድ የለ፣ ዙሪያውን ወንበር ደርድረው በየእጃቸው ብርጭቆ ይዘው ያዩታል። «ምን ይጠበስበታል?» ስለው «ምንም» አለኝ። በቃ ያዩታል። «ሐምሌ ላይ ስመጣ እኛም ቤት አንድ ይኑር፣ እትዬም ትሞቃለች» አለና ብሩን ላከ። ከብሩ ጋር ያንን ወረቀት።

ወረቀቱ ለዚያ አገር አንድም ስህተት የለበትም። ባሕር አጠገብ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨውና እርጥበት ሲገናኙ ተራ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ስቴንለሱም ቢሆን እንደነገሩ አይገዛም። 304 የሚባለው ከጊዜ በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሞሊብደነም የሚባል ማዕድን የተጨመረበት 316 ግን ጨውን የተሻለ ይችላል። ነፋሱን የሚከልል መስታወት ይደረጋል። ከሥር ጠጠር ይነጠፋል፣ ውኃው ወደ አሸዋው እንዲሰርግ። ከቤት ቢያንስ 3 ሜትር ይርቃል። ጥሩ። አሁን ይህን ይዘህ ጅማ ና። ጅማ ከባሕር ጋር ያላት ዝምድና ከፍታዋ ሲነገር «ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ» መባሉ ብቻ ነው። ከእኛ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ እስከ ጅቡቲ ደግሞ ባቡሩ ብቻ ከ750 በላይ ይሄዳል። ጓሯችን ውስጥ ባሕር የሚል ስም ያለው ነገር ቢፈለግ ባሕር ዛፉ ነው፤ እሱም እርጥብ ነው፣ አይነድም።

እማዬ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ስሙን ጠየቀች። ተረጎምኩላት። «እሳት ያለበት ጉድጓድ?» አለች። «እሱማ ገሀነም ነው፣ ሌላ ስም የለውም።» ቀጥላም፣ «እኔ ከጭስ ለመውጣት ዕድሜዬን ፈጀሁ። ዓይኔ የጠፋው በጭስ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገባ እልል ያልኩት ለምን ይመስልሃል? እናንተ ደግሞ በዶላር ትገቡበታላችሁ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ያስለቀሳት ሽንኩርቱ ነው ወይስ ጭሱ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ወሬው ሰፈር ለመድረስ አንድ ቡና በቃው። ጎረቤታችን ሀጂ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ሰማሁ፣ የባሕር በር አገኛችሁ አሉ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለ ምክር የመጣ ሰው የለም። አንዱ በሸክላ ጡብ ይሁን ይላል፣ አንዱ በአርማታ፣ አንዱ ደግሞ መጀመሪያ ጣሪያ ሥሩለት ይላል። በኋላ ሳስበው የመጨረሻው ሰውዬ ብቻ ነበር ጅማን የሚያውቃት። ዓመቱን ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር፣ በሐምሌ፣ ሜዳ ላይ፣ እሳት።

ብረቱን ለማየት ብየዳ ቤት ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ «ማግኔት ይዘህ ሂድ፣ ጥሩ ስቴንለስ ከሆነ አይጣበቅም» ብሎኝ ነበር። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ አንዱን ፈልቅቄ፣ ኪሴ ውስጥ ደብቄ፣ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው እየዳበስኩ ደረስኩ። ብረቱ ያብረቀርቃል። ማግኔቱን ጠጋ ሳደርገው ከእጄ አምልጦ ጧ ብሎ ተለጠፈ። ለማላቀቅ ሁለት እጅ ፈለገ። ባለሙያውን አየሁት። እሱም አየኝ። «አየህ፣ ጥሩ ብረት ስለሆነ እኮ ነው ማግኔት የወደደው» አለኝ።

ምን ይባላል? አልተከራከርኩም። ብሩ የሌላ ሰው ሲሆን ክርክር ላይ ትንሽ ሰነፍ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ሲመጣ የዘይት በርሜል ከወገቡ ቆርጦ፣ ብርማ ቀለም ቀብቶ፣ በባጃጅ ላይ አስሮ ነው የመጣው። 316 የታለ ስለው ከበርሜሉ ጎን ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አሳየኝ። 316 ይላል። ጽሕፈቱ የራሱ ነው፣ ቀለሙም ገና አልደረቀም።

ቁፋሮው ተጀመረ። ጠጠር ተነጠፈ፣ ልክ ወረቀቱ እንደሚለው። ችግሩ ወረቀቱ አሸዋ ላይ ለሚኖር ሰው ነው የተጻፈው። የእኛ ቀይ አፈር በክረምት አንዴ ከጠጣ በኋላ ምንም አያስገባም፣ እንደ ጠገበ ሕፃን ነው፣ የሰጠኸውን መልሶ ያወጣዋል። በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ ሁለት እንቁራሪት ተቀምጠውበታል። ባለሙያው አልደነገጠም። «ማፋሰሻ ቱቦ ያስፈልገዋል» አለና ሌላ ቀብድ ጠየቀ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ቱቦውን ወደ ሀጂ አጥር አቅጣጫ ቀበረው። ውኃ ልክ ተጠቅመሃል ወይ አልኩት፤ «ውኃ ልኩ ብየዳ ቤት ቀርቷል፣ ግን ዓይኔ ልክ ነው» አለ። በዚያው ማታ ዘነበ። የሀጂ ጊቢ ከእኛ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቱቦው የእኛን ውኃ በመውሰድ ፈንታ የእሳቸውን ውኃ አጥቦ ይዞልን መጣ፣ ከውኃው ጋር አንድ ነጠላ ጫማ። ሀጂ በማግስቱ ጫማቸውን ሊወስዱ ሲመጡ «ባሕሩስ እንዴት አደረ?» አሉኝ።

ቱቦው በአዲስ ቀብድ ወደ ታች ተዞረ። ዙሪያው ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ የአክስቴ ልጅ በላከው ፎቶ ላይ ያለው ድቡልቡል፣ ለስላሳ፣ የሚያምር ዓይነት። ባለሙያው ከወንዝ አስጭኖ አመጣው። እማዬ ከማድ ቤት በር ላይ ሆና አየችና «የወንዝ ድንጋይ ለእሳት ይሆናል እንዴ? ውኃ ጠጥቶ ያደገ ድንጋይ!» አለች። ማንም አልሰማትም። ባለሙያ አለና።

እንግዳው መጣ። ቁምጣ ለብሶ፣ በላዩ ላይ ወፍራም ጃኬት። መጀመሪያ ጅሬን ወስጄ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳየሁት፣ መቼም እንግዳ ሲመጣ ያ ግዴታ ነው። አመሻሽ ላይ ምርቃቱ ሆነ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። የአክስቴ ልጅ ከሻንጣው ነጭ ነጭ ለስላሳ ነገር በላስቲክ የታሸገ አወጣ፤ ማርሽማሎው ይባላል፣ በእንጨት ሰክተው እሳት ላይ ያሳዩታል። እማዬ አንዱን ተቀብላ አሸተተችና «ሳሙና መጥበስ ጀመራችሁ?» አለች።

ፍልጡ እርጥብ ነው። አንድ ክብሪት፣ ሁለት ክብሪት፣ ጋዜጣ፣ ላምባ። ባለሙያው ተንበርክኮ እፍ እፍ ሲል ዓይኑ ቀላ። በመጨረሻ እማዬ ምንም ሳትናገር ማድ ቤት ገብታ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ወራት በጭስ የደረቀ እንጨት በእቅፏ አመጣች። ወዲያው ያዘ። ተጨበጨበ፤ ጭብጨባው ለባለሙያው ነበር።

ከዚያ ብርማው ቀለም መንደድ ጀመረ። ሽታውን መግለጽ አልችልም፤ ጎማና መድኃኒት አንድ ላይ የተቀቀለ በለው። ሰው ወንበሩን እየጎተተ ወደ ኋላ አለ። ቀጥሎ ድንጋዩ። ውስጡ የገባው ውኃ ሲግል እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። አንዱ ጧ! ብሎ ፈንድቶ ስባሪው የጀበናውን ጆሮ ገነጠለው። ሀጂ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ጎማ ነው?» አሉ። ሁለተኛው ሲፈነዳ ግን ከሁላችንም ቀድመው በር ላይ ደረሱ። ሦስተኛውን አልጠበቅንም፣ ምክንያቱም ዝናቡ መጣ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ልምጣ አይልም፣ ዝም ብሎ ከላይ ይደፋል።

ሁላችንም እማዬ ማድ ቤት ተገኘን። አሥራ ምናምን ሰው፣ ለሦስት ሰው በማትበቃ ክፍል። መብራቱ ከዝናቡ ጋር ሄዷል፣ እንደ ልማዱ። ሦስቱ ጉልቻ ሥር እሳት አለ፣ እማዬ የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ትገለባብጣለች፣ ጆሮ የሌለው ጀበና በጨርቅ ተይዞ ይቀዳል። የአክስቴ ልጅ ከአንድ ግንድ በተጠረበች በርጩማ ላይ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሶ ተቀምጧል። ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ በቆሎውን ይግጣል፣ በሌላ እጁ ስልኩን ይዞ ይቀርጻል። በኋላ የለጠፈውን አየሁት። በምድጃው ቪዲዮ ላይ «በመጨረሻ አገር ቤትም ፋየር ፒት አስገጠምን» ይላል። እማዬ አስነበበችኝና «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ብር የከፈለው? እኔ በነፃ እሰጠው ነበር» አለች።

እሱ ከተመለሰ አንድ ወር ሆኖታል። በርሜሉ ዝጓል፣ ያለ ምንም ጨው። ቱቦው ስለተደፈነ ውኃ አያስወጣም፣ እማዬም ደስ ብሏታል፤ ልብስ ታጥብበታለች፣ በዝናብ ውኃ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣል። ከእንቁራሪቶቹ ጋር ተስማምታለች።

ትናንት ባለሙያው ደወለ። እኔ ቀሪ ሒሳብ ሊጠይቅ መስሎኝ ልዘጋው ነበር። «ያ ወረቀት አለ?» አለኝ። «ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«የት?»

«ባሕር ዳር።»

ጣና ጨው የለውም እኮ አልኩት።

«ተወው፣» አለኝ፣ «316ቱን ጽፌ ጨርሻለሁ።»