ለ«ዝርዝር የለም» ፈንድ የቀረበ ውዳሴ

ትልልቅ ከተሞች የሕዝብ ትራንስፖርታቸውን የሚያሻሽሉበት ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ሲጨነቁ ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበሉታል። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ መሀል ከተማ የሚገባውን መኪና በቀን አምስት ፓውንድ ማስከፈል ስትጀምር ካሜራ መትከል፣ ሕግ ማውጣት፣ ይባስ ብሎም የተጣራው ገቢ ከትራንስፖርት ውጭ እንዳይውል በሕግ መታሰር ነበረባት። ፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ አሠሪዎችን በሚከፍሉት ደመወዝ ልክ ለአውቶቡስና ለባቡር ታስከፍላለች። ስቶክሆልሞችማ የመኪና መጨናነቅ ክፍያውን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ወር ያህል ሞክረው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ በዓመቱ ነው ቋሚ ያደረጉት። አንድ ሐሙስ ጅማ መጥተው ባጃጅ ቢሳፈሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም በቀረላቸው ነበር።

እኛ ካሜራም አዋጅም አላስፈለገንም፤ «ዝርዝር የለም» የምትለው አነጋገር ብቻዋን በቅታናለች። ስቶክሆልሞች ድምፅ ሰጥተው ከፈሉ፤ እኛ ድምፃችንን አጥፍተን እንከፍላለን።

አሠራሩን ላላዩት ላስረዳ። ከሄርማታ መርካቶ የተነሳች ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰው ከኋላ ተቀምጧል፤ አራተኛው ከሹፌሩ ጎን በግማሽ ጎኑ ተለጥፎ ትራፊክ ፖሊስ በታየ ቁጥር ጎንበስ ይላል። ቆጪ ሲደረስ ዘንቢል የያዙ እናት ወርደው ሃያ ብር ይዘረጋሉ፤ የሚመለስላቸው አምስት ብር ነው። ሹፌሩ በመጀመሪያ የሸሚዙን ኪስ ይዳብሳል፤ ቀጥሎ ከመሪው ሥር ያለችውን ክፍት ሣጥን ይበረብራል፤ በመጨረሻም የመቀመጫውን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ያይና ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ «ማዘር፣ ዝርዝር የለም» ይላቸዋል። ይህ ሁሉ ፍለጋ ሲካሄድ ሞተሩ አልጠፋም፤ ቀኝ እጁም ከነዳጅ መስጫው ላይ አልተነሳም። እናትየው ወደ ኋላ ተቀምጠው ወደሚጠብቁት ተሳፋሪዎች፣ ከዚያም ወደ ዘንቢላቸው ያዩና «ይሁን ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። ከነገሩ ጦም እደሩ አይደል የሚባለው?

በዚህች «ይሁን» ውስጥ ያለው የፋይናንስ ጥበብ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ያስደንቃል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አምስት ብር የሚተው ሰው በሃያ ስድስት የሥራ ቀን 130 ብር፣ በዓመት ደግሞ 1,560 ብር ያዋጣል ማለት ነው። አንዲት ባጃጅ በቀን ሃያ ጊዜ ተመላልሳ በየምልልሱ አንድ «ይሁን» ብቻ ብታገኝ በቀን መቶ ብር ነው። ይህ ሁሉ የሚሰበሰበው ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ኦዲተር፣ ያለ ስብሰባና ያለ አበል ነው። (ሹፌሩን እያማሁ እንዳይመስልብኝ፤ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ፣ ጠዋት ደግሞ የሚሰለፍበት የነዳጅ ሰልፍ አለበት። እኔ የማወድሰው እኛን ተሳፋሪዎቹን ነው።)

ምክንያቱም የእኛ ልግስና ወሰን አለው፤ ወሰኑም ደረሰኝ ነው። «ከእያንዳንዱ ጉዞ አንዲት ብር ተቆርጣ ለአውቶቡስ መግዣና ለመጠለያ መሥሪያ ትዋል» የሚል ሰው ቢመጣ በየቡናው ረከቦት ዙሪያ የሚነሳውን ጩኸት አስቡት። «ገንዘቡ የት ይገባል?»፣ «ማን ይቆጣጠረዋል?»፣ «ሕዝቡ ኑሮ ከብዶት ሳለ?» እንላለን፤ ጥያቄዎቹም ሁሉ ተገቢ ናቸው። እነዚህኑ ጥያቄዎች ስናነሳ አምሽተን፣ ወደ ቤት ስንመለስ አምስት ብራችንን ማንንም ሳንጠይቅ ትተን እንወርዳለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኛ ሃምሳ ሆነን ሎሚውን አዋጥተን ጌጡን ለአንድ ሰው የሰጠን ነን።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ኋላ ቀር ነበሩ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነጋዴ ወደ ጅማ ሲገባ በኬላ በኩል አልፎ ቀረጡን ይከፍል ነበር፤ በሩ የታወቀ ነው፣ ተቀባዩም የታወቀ ነው፣ ማን ዘንድ እንደሚደርስም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ ቢሆን ምስጢር የመጠበቅ ባህላችንን ይጋፋ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም ከያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚውል ክፍያ በይፋ ይሰበስባል፤ ባጃጇ ነዳጅ በቀዳች ቁጥር እኛም በታሪፉ በኩል እናዋጣለን። ይህንን ግን መዋጮ ብሎ የሚቆጥረው ሰው አላጋጠመኝም፤ የተጻፈ ነገር አያስደስተንማ።

አዲስ አበባም ብትሆን ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መማር አልቻለችም። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡሯ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሲጀምር የቲኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራትና ስድስት ብር ነበር። በዚህ ሒሳብ ዕዳ መክፈል ቀርቶ መለዋወጫ መግዛትም ይከብዳል፤ ሐዲድ መዘርጋት አንድ ነገር ነው፣ በየዓመቱ የሚያንቀሳቅሰውን ገንዘብ ማግኘት ደግሞ ሌላ። እንግዲህ የቲኬት ቆራጮቹ «ዝርዝር የለም» ማለት ቢለምዱ ኖሮ ብድሩ እስካሁን ተከፍሎ ያልቅ ነበር እላለሁ፤ ገንዘቡ ባቡሩ ዘንድ ባይደርስም።

ለፈንዳችን የሚያሰጋው አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም ቴሌብር ነው። ከግንቦት 2013 ጀምሮ አሥራ አምስት ብርን አሥራ አምስት ብር አድርጎ የሚከፍል፣ ምንም «ይሁን» የማያስተርፍ፣ ጭራሽ ማረጋገጫ መልእክት የሚልክ ነገር መጣብን። ደግነቱ «ኔትወርክ የለም» የምትለው ታናሽ እህት ተወልዳ ታላቋን እየጠበቀችልን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ግን ፈንዱ ተደፈረ። አንድ በትር የያዙ ሽማግሌ ከባጃጇ ወርደው መሬት ከረገጡ በኋላ አምስት ብራቸውን ጠየቁ። ሹፌሩ ኪሱን ዳበሰ፣ ሣጥኑን በረበረ፣ ጨርቁን ገለጠ። ሽማግሌው «እጠብቃለሁ ልጄ፣ ሥራ የለኝም» ብለው በትራቸውን ከፊት ጎማው አጠገብ ተክለው ቆሙ። ከኋላ አንዱ «ፋዘር፣ ለአምስት ብር ነው እንዴ?» አለ፤ ሌላዋ ሰዓቷን አየች፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በመጨረሻ ሹፌሩ ከእግሩ ሥር የታሰረ ፌስታል አወጣ፤ ሲፈታው አንድ ኪሎ ስኳር የሚያህል የአንድ ብር ሳንቲም ነበረበት። አምስቱን ቆጥሮ ሰጣቸው፤ መርቀውት ሄዱ።

ፈረንጅ አራዳ ስደርስ እኔም ሃያ ብር ዘረጋሁ። ፌስታሉ ገና አልታሰረም፤ ሁላችንም እያየነው ነበር። «ወንድም፣ ዝርዝር የለም» አለኝ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች እየጠበቁ ስለነበር «ይሁን» ብዬ ወረድሁ።