«ሐኪምዎን ይጠይቁ»

አክስቴ ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ ቨርጂኒያ መጥታ ነበር። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ቴሌቪዥን ግን ነፍሷ ነው። አንድ ምሽት ጋቢዋን ደርባ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች የመድኃኒት ማስታወቂያ መጣ። ሽበታም ባልና ሚስት ብስክሌት ይነዳሉ። ውሻ ይከተላቸዋል። ይስቃሉ።

«ሲያምሩ! ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

ከሥር በጥድፊያ የሚነበበውን ተረጎምኩላት። የጉበት ጉዳት፣ የልብ ድካም፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሲብስም ሞት።

ትንሽ ዝም አለችና፣ «ታዲያ ምን ያስቃቸዋል?»

በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት እንዲህ በቀጥታ ለሕዝብ የሚተዋወቅባቸው አገሮች አሜሪካና ኒውዚላንድ ናቸው። እዚህ ነገሩ የጦፈው መንግሥት በ1997 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ካላላ በኋላ ነው። ቀድሞ የጉዳቱ ዝርዝር ረጅም ስለነበር በአጭር ማስታወቂያ አያልቅም። ከዚያ ወዲህ ዋና ዋናውን ጠቅሶ ለቀረው ስልክ ቁጥር መስጠት በቂ ሆነ። መዝጊያው ሁሌ ያው ነው፦ «ሐኪምዎን ይጠይቁ»።

ልብ በሉ፣ የሚያናግረው አንድ ሰው ነው። አንተን፣ ማታ፣ ብቻህን። እኔም አላመለጥኩም። ሌሊት እግርን አላስቀምጥ የሚል ሕመም መኖሩን ያወቅኩት ከማስታወቂያ ነው። የዚያን ዕለት ሌሊት እግሬ ሲያገላብጠኝ አደረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ደህና እግር ነበር።

አገር ቤት ማስታወቂያው «አንተ» አይልም፤ «እኛ» ነው የሚለው። ከ2011 ዓ.ም. በፊት ለእረፍት ስሄድ ቴሌቪዥኑ ቢራ በቢራ ነበር። ተራራው፣ እስክስታው፣ ተቃቅፈው የሚስቁት ጓደኛሞች። ስለ ቢራው ጣዕም ብዙ የሚነግረን አልነበረም። በዓል ሲደርስ ቀድሞ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለን ጠማቂው ነው። እናቶቻችን ጠላ ጠምቀው ጎረቤት የሚጠሩበትን ነገር በጠርሙስ አሽጎ መልሶ ለኛው ሸጠልን። ብልጠቱን አልክድም። እንዲያውም አንዳንዱን ዜማ ዛሬም መኪና ውስጥ ሳላስበው አንጎራጉራለሁ። ቢራው ግን ምን ምን እንደሚል ረስቼዋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደው። ጥሩ አደረገ። ግን በቀጣዩ ጉዞዬ ያንኑ ሳቅ አፓርታማ ወርሶት አገኘሁት። የታወቀ ተዋናይ ቁልፍ ያወዛውዛል፤ ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ቡና ይጠጣል፤ ከታች «ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ መቶኛው ይሮጣል። አብሬያቸው ቁጭ ብዬ የማየው ዘመዶቼ ግማሾቹ የቀበሌ ቤት ተከራይ ናቸው። ስንት ዓመት የኖሩበትን ቤት ድንገት ዞር ብለው ያዩታል። የኔ እግር ትዝ አለኝ።

አክስቴ የምትመለስ ዕለት እዚሁ ቨርጂኒያ ዳለስ አየር ማረፊያ ሸኘኋት። ሻንጣዋን አስመዝነን ስንጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አንተ ልጅ፣ ያ ብስክሌት የሚነዱት ሽማግሌዎች የሚውጡት ኪኒን… ለጉልበት ይሆን እንዴ?»