ከእሜት ጎጎ ወዲህ የቀረችው

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ የሰሜን ተራሮች መንገድ ክፍት ነበር፤ ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ ማታ ድንኳን ውስጥ ማደር ይቻል ነበር። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ከተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ አብራን የሄደችው ነርስ ቤት ቡና ተጠራን። ፎቶ እናያለን ተባብለን ነበር የተሰበሰብነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የራስ ዳሸኑ ፎቶ መጣ። አምስት ሰው ቆሟል። የሄድነው ግን ሰባት ነበርን።

"እዚህ ላይ ሁለታችሁ ጎደላችሁ" አለ ሯጩ ልጅ። ክፋት አልነበረውም። ተራራው ላይ የታመመችው ልጅ ግን ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰች።

"አልጎደልንም። ጥላችሁን ሄዳችሁ" አለች።

ላልነበረ ሰው ላስረዳ። ዕቅዳችን መጀመሪያ ሰባት ቀን ነበር፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ልናድር። የሁለት ሰው የሥራ ፈቃድ አልበቃ ሲል የደባርቋን ሌሊት ቆረጥናት። ማንም አልተቃወመም፤ "ደባርቅ ምን አለ?" ነበር ያልነው። በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ደባርቅ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን ጋይድና ስካውት፣ ማለትም የታጠቀ አጃቢ፣ ይዘን፣ ማታውን ሳንቃ በር ካምፕ። በሁለተኛው ቀን ግጭ ካምፕ፣ በሦስተኛው በእሜት ጎጎና በእናትዬ ጫፎች በኩል ጨነቅ ካምፕ፣ ከዚያ አምቢቆና ራስ ዳሸን፣ ተመልሶ ጨነቅ። መኪናው በስድስተኛው ቀን ጨነቅ ይጠብቀናል።

ልጅቷ ግጭ ላይ ታመመች። በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ ስንደርስ አስመለሳት። ጫፉ ላይ ቁጭ ብላ አረፈች፣ ተሻለኝ አለች፣ እኛም ጉዞ ቀጠልን። ሯጩ፣ አስተባባሪውና እኔ ከጋይዱ ጋር ከፊት ነበርን። ጨነቅ የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነርሷና ሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ገቡ። "እሷስ?" ስትል ነርሷ፣ "ከስካውቱ ጋር ናት" አልናት። እውነትም ከስካውቱ ጋር ነበረች። ዕቃ የጫኑት በቅሎዎች ግን በአቋራጭ ቀድመውን ገብተዋል፤ ድንኳኑም፣ ወፍራም ልብሷም ያለው እነሱ ላይ ነው። ጋይዱ አንድ ባለ በቅሎ መልሶ ላከ። ልጅቷ የመጣችው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በቅሎ ላይ ሆና፣ የስካውቱን ጋቢ ተከናንባ። እሱ በስስ ካፖርት ብቻ፣ በአንድ ትከሻው ጠብመንጃውን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዞ ከጎኗ ይራመዳል። "አይዞሽ እቴ፣ ደረስን" ይላታል። እኔ ያን ጊዜ ሽሮ በልቼ ጨርሼ ነበር።

በማግስቱ ነርሷ ይዛት ወደ ደባርቅ ወረደች። እኛ አምስታችን ወደ ቧሂት መተላለፊያ ወጣን።

ቡናው ላይ መጀመሪያ የተከራከረው አስተባባሪው ነው። "ጨነቅ ላይ ያደረግነው ትክክል ነው" አለ። "መኪና ተገኘላት፣ ያውም ነርስ አብራት ወረደች። ደባርቅ ስትደርሺ ራስ ምታቱ አልለቀቀሽም? አንድ ሰው ስለታመመ ሰባት ሰው ይመለስ? ሰው ከፍሎ፣ ፈቃድ ወስዶ ነው የመጣው።"

ሯጩ ቀጠለ። "እውነቱን እንነጋገር። ዝግጅት ነው የጎደለው። እኔ በየሳምንቱ እንጦጦ እሮጣለሁ። ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የከፍታ ሕመም ከባሕር ዳርቻ ለሚመጣ ፈረንጅ ነው፣ ለእኛ አይደለም።"

ነርሷ ጀበናዋን አስቀመጠች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

"ስማኝ ወንድሜ፣ ይሄ ከስፖርት ጋር አይገናኝም። ሯጭም ይታመማል፤ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚወጣ ይብስበታል። አዲስ አበባ መኖራችን ትንሽ ይረዳል። ግን 3,600 ሜትር ላይ የምትስበው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በሌሊቶች ነው። ከ3,000 በላይ የመኝታ ቦታህ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። እኛ አዲስ አበባ አድረን በማግስቱ ሳንቃ በር፣ 3,250 ላይ ተኛን። በአንድ ቀን 900 ሜትር ነው። ደባርቅ ብናድር ኖሮ መሐል ላይ እናርፍ ነበር።" ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "እኔም አጥፍቻለሁ። ግጭ ላይ ፊቷን አይቼ ጠየቅኳት። ብርዱ አላስተኛኝም አለችኝ፣ አመንኳት።"

"ዋሽቼሽ ነው" አለች ልጅቷ። "ሌሊቱን ራሴ ሊፈነዳ ነበር። ሁለት ፓናዶል ዋጥኩ፣ ጠዋት ሌላ ሁለት።"

"ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?" አለ ሯጩ።

"ለምን እንዳልተናገርኩ ልንገርህ። ሳንቃ በር ላይ እራት በልተን እሳት ስንሞቅ፣ 'ነገ ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው እንዳይኖር' አልክ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅኩ።"

"ቀልድ እኮ ነው" አለ። ግን ዓይኑን ሰበረ።

ደባርቅ ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፣ ጋሼ ነው የምንለው። "ልጅ ሆነን ገበያ ስንሄድ" አለ፣ "ከኋላ የቀረው ሰው ሳይታይ ማንም ገደሉን አይዞርም ነበር። ቆመን እንጠብቃለን። ጉም ካለ እንጣራለን። ይህን እያወቅኩ እኔም እናትዬን ዞሬ ሄድኩ። ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተነቃነቀ እንጂ አልፈረሰም። አስተባባሪው እስከ መጨረሻው "ጨነቅ ላይ የወሰንነው ልክ ነው" እንዳለ ቡናው በረካ ደረሰ።

እኔ በዚህ በጨነቁ ጉዳይ ከአስተባባሪው ጋር ነኝ። አንድ ሰው ታሞ፣ ወርዶ፣ የሚያይለት ሰው ካገኘ፣ ሌላው ጉዞውን ቢቀጥል ነውር የለውም። ራስ ዳሸን ላይ መቆማችንን አላፍርበትም። የማፍረው ከዚያ በፊት በሆነው ነው። ነርሷ የደባርቋን ሌሊት አነሳች፤ እውነቷን ነው። ግን ያን ስህተት ግጭ ላይ ማረም እንችል ነበር። ጠዋት፣ ጓሳው ላይ ውርጭ እንደተጋገረ፣ ጭላዳዎቹ ሳር ሊነጩ ከገደሉ ሲወጡ፣ ጋይዱ ሻይ እየቀዳ "ራሱን ያመመው አለ?" ብሎ ጠይቆን ነበር። ማንም አልመለሰም። ልጅቷ ሻይዋን ታማስላለች። ስኳር አልጨመረችበትም። ቂጣዋን አልነካችም። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ሯጩን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ የማልችለው ለዚህ ነው። እሱ ያለውን ማታ ላይ አለ፣ እኔ ደግሞ ጠዋት ያየሁትን ዋጥኩ። "አንድ ቀን ግጭ እንቆይ" ለማለት አንድ ሰው በቂ ነበር፤ የሚታመመው ሰው ግን ያ አንድ ሰው እንዲሆን መጠበቅ የለበትም። እሷ እንድትናገር ያደረግንላት ነገር አልነበረም።

እሜት ጎጎ ላይ ካስመለሳት በኋላ ደግሞ ክርክር የለውም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ እናትዬ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የሚያስመልሰው ሰው ወደዚያ አይወጣም፤ ወደ ግጭ ይመለሳል፣ ካልተሻለው ይወርዳል። ቢያንስ ደግሞ ከእኛ አንዳችን አጠገቧ እንሆናለን። ስካውቱ ጋቢውን ያለበሳት የሰው ልጅ ሆኖ ነው፤ ሥራው ስለሆነ አይደለም። እኛ ጓደኞቿ ነበርን።

ያን ዓመት ጥር ላይ ባሌ ለመሄድ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ዲንሾ ሁለት ሌሊት ካልታደረ አልከፍልም አልኩ። ሯጩ ቀድሞኝ "እኔም" አለ። ሁለት ሌሊት አደርን። ሳነቲ አምባ ላይ፣ ጅብራው በነፋስ ሲወዛወዝ፣ እሱ ከፊት እየሄደ በየመታጠፊያው ቆሞ ይቆጥረን ነበር። ከሁሉም ኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ከፊቴ ትራመዳለች። ትንፋሽ ሲያጥራት ትቆማለች፣ እኔም እቆማለሁ።

"ራስሽን?" እላታለሁ።

"ትንሽ" አለችኝ አንዴ። ጮክ ብዬ ከፊት ያሉትን ጠራሁ፤ ሁሉም ቦርሳቸውን አውርደው ተቀመጡ።