በጽጌረዳ የደረሰው በቫዮሌት እንዳይደርስ

አዲስ የቫዮሌት ዝርያ ለአበባ አምራቾች ሲቀርብ ካታሎጉ ላይ ቀድሞ ዓይን የሚስበው ፎቶው ነው። አበባዋ ተለቅ ያለች፣ ቀለሟ ደማቅ፣ ዘንጓ ረዘም ያለ። ከሥር «ባለ መዓዛ» የምትል ቃል ጣል ይደረጋል። በቃ። ምን ያህል ትሸታለች? ከተቆረጠች በኋላስ? ስለዚህ አንድም ነገር አይጻፍም።

ለእኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቫዮሌት ትንሽ አበባ ናት፤ በመልክ ከጽጌረዳ ወይም ከሊሊ ጋር አትፎካከርም። ገዢ የሚያወጣው ገንዘብ ለመዓዛዋ ነው። (አፍሪካን ቫዮሌት የሚባለውን የቤት ውስጥ ተክል እዚህ አታስገቡት። ስም ተጋሩ እንጂ ዘመድ አይደሉም።)

የጽጌረዳን ጉዳይ አበባ ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ዝርያ አውጪዎች ረጅም ዘንግ፣ ጉዞ የሚችል እምቡጥና ቶሎ የማይጠወልግ አበባ ሲያሳድዱ ሽታው መንገድ ላይ ቀረ። ዛሬ እቅፍ ጽጌረዳ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ምንም ያልሸተተው ሰው አይገርመውም። ጽጌረዳ መልኳ ስላለላት ገበያዋን አላጣችም። ቫዮሌት ግን ምን ይዛ ትቀርባለች?

መዓዛና ረጅም ዘንግ አብረው አይሄዱም የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ፈረንሳዊው ዝርያ አውጪ አርማንድ ሚየ እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣት «ፕሪንሰስ ኦፍ ዌልስ» የተባለች ቫዮሌት ሁለቱንም አሟልታለች፤ እስከ ዛሬም ትተከላለች። አዲስ ዝርያ አወጣሁ የሚል ሰው መጀመሪያ እሷን ይብለጥ።

የሽታ ፈተናውም ቢሆን እንደ ነገሩ የሚሠራ አይደለም። የቫዮሌት መዓዛ ዋና ምንጭ አዮኖን የሚባል ውህድ ነው፤ ቲማንና ክሩገር የተባሉ የጀርመን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1893 በላቦራቶሪ ሠርተው አሳይተውታል። አዮኖን አፍንጫን ለጊዜው ያደነዝዛል። አንዴ ሲስቡት ያውዳል፣ ወዲያው ሲደግሙት የለም፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። በተፈጥሮው ከአዮኖን ዓይነቶች አንዱን፣ ቤታ አዮኖንን፣ እምብዛም የማይሸተው ሰውም አለ። ስለዚህ ኤግዚቢሽን ላይ አንዴ አሽትቶ «ይቺ ትበልጣለች» ማለት ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው፣ በየመሃሉ እያረፈ፣ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሳይነገረው ያሽትት። አበባዋም የዕለቱ ብቻ ሳትሆን ተቆርጣ ሁለት ሦስት ቀን የቆየችም ትሁን።

ዝርያ አውጪዎች ሊደክሙበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ቫዮሌት በእጅ ነው የምትለቀመው፣ ዘንግ በዘንግ። ለአንዲት ትንሽ እቅፍ ብዙ ጊዜ ማጎንበስ አለ። ከዚያ ዙሪያዋን በራሷ ቅጠል ትታሰራለች። ውሃ በአበባዋም ስለምትጠጣ እቅፉ እንዳለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ወጪው ያለው እዚህ ጉልበት ላይ ነው። አበባዋን ከቅጠሉ በላይ ቀጥ አድርጋ የምታወጣ ዝርያ በየለቀማው ሰዓት ታተርፋለች። እውነት ለመናገር፣ ከአዲስ ቀለም ይልቅ ለዚህ ብከፍል ይሻለኛል። ቅዝቃዜ የምትወድ መሆኗም አይረሳ። ቀኑ ሲረዝምና ሙቀት ሲበዛ ሳይከፈቱ ራሳቸውን የሚያዳቅሉ እምቡጦች ታወጣለች፤ እነሱ ደግሞ አይሸጡም። ሙቀትና ደረቅ አየር ላይ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይም ይጨመርባታል።

በአንዲት ዝርያ ላይ ሁሉን ነገር መጣልም ያስፈራኛል። በፈረንሳይዋ ከተማ በቱሉዝ የምትጠራው የቱሉዝ ቫዮሌት መዓዛዋ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዘር ስለማትሰጥ የምትባዛው መሬት ለመሬት ከሚሳበው ቅጥያዋ ነው። ማሳው ሁሉ የአንዲት ተክል ግልባጭ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በአውሮፓ የብርድ ወቅት ከባድ ውርጭ መጣና አብዛኛውን ጠራርጎ ወሰደው። በኋላ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሏ ትንሽ ቁራጭ በላቦራቶሪ በማሳደግ፣ ከበሽታ የጸዳ ችግኝ እየተባዛ ነው ያንሰራራችው። እና አዲስ ዝርያ ሲገዛ አሮጌውን ነቅሎ መጣል አያዋጣም።

የመጨረሻው የውል ጉዳይ ነው። ከቅጥያ ማባዛት ቀላል ስለሆነ አምራች በራሱ ማባዛት ይለምዳል። መብቷ የተጠበቀ ዝርያ ከሆነች ግን ያለ ፈቃድ ለገበያ አባዝቶ መትከል አይቻልም፤ ክፍያ አለው። አሮጌዋንና አዲሷን ጎን ለጎን ተክሎ ሙሉ የአበባ ወቅት የማየት ዕድል ሳይሰጥ «መጀመሪያ ፈርሙ» የሚል ሻጭ ከመጣ፣ እኔ ብሆን አልፈርምም።