ክፈፍ ስር ያለውን ጭቃ አታቃጥሉት

ባለፈው ሳምንት ለገጣፎ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ላምባ የነከረ ጨርቅ በእንጨት ጫፍ አስረው የጣራቸውን ክፈፍ ሲለበልቡ አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» ብላቸው፣ ቡጢ የምታህል ደረቅ ጭቃ አሳዩኝ። «ተርብ ነው ልጄ፤ ልጆቹን ሳይነድፍብኝ ላጥፋው ብዬ ነው» አሉኝ።

ስጋታቸው ይገባኛል። ተርብ ሲባል ለሁላችንም የሚታየን ጎጆው ሲነካበት ግር ብሎ የሚወጣው መንጋ ነው። ይሁንና በዓለም ላይ ካሉት የተርብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ብቸኞች ናቸው። ንግሥትም ሠራተኛም የላቸውም፤ ጎጆውን የምትሠራው አንዲት ሴት ናት። መውጊያዋም በዋናነት ማደኛ ነው። ካልጨበጧት ወይም ካልረገጧት ሰው አትፈልግም፤ ወንዱማ ጭራሹን መውጊያ የለውም።

ጭቃ የምትሠራዋ ወገበ ቀጭን ተርብ ከቧንቧ ስር እርጥብ አፈር አድቦልቡላ በመንጋጋዋ ይዛ ትመላለሳለች። ክፍሉ ሲያልቅ በሸረሪት ትሞላዋለች። ሸረሪቶቹ አልሞቱም፤ በመርዟ ደንዝዘዋል። ቢሞቱ ኖሮ ይበሰብሱ ነበር፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ግን ትኩስ ምግብ ይፈልጋል። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ እንቁላል ትጥልና አፉን ደፍና ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። ዘመዷ የሆነችው ሌላዋ ተርብ ደግሞ አንገት ያላት ትንሽ እንስራ የመሰለ ጎጆ ሠርታ፣ እንቁላሏን ከጣሪያው በቀጭን ክር አንጠልጥላ፣ አባጨጓሬ ታከማችበታለች። ጓሮው ጎመን ያለው ሰው የአባጨጓሬን ጉዳት አሳምሮ ያውቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ መሬት ቆፍረው እንቁላል የሚጥሉት ተርቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ኒኮ ቲንበርገን በአንዲቱ ጉድጓድ ዙሪያ የጥድ ፍሬ ደረደረ። ተርቧ ለአደን ስትሄድ ድርድሩን ወደ ጎን አዛወረው። ስትመለስ ያረፈችው ጉድጓዷ አጠገብ ሳይሆን በጥድ ፍሬዎቹ መሃል ነበር። ቤቷን የምታገኘው በዙሪያው ያለውን ምልክት አጥንታ ነውና። እኛ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ ግቢያችንን እስከ አጥር ግንቡ ድረስ በኮብልስቶንና በሲሚንቶ ስንደፍን፣ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ጉድጓዱን ራሱን እንቀብራለን። ፀሐይ በሚመታው በኩል አንድ እርምጃ የሚሆን ባዶ አፈር ብንተው ምን ይጎድልብናል?

ክፈፉ ላይ ያለውን ጭቃ የግድ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ካለም እሳት አያስፈልገውም። ይጠብቅ። እያንዳንዱ ክፍል ክብ ቀዳዳ ሲያወጣ ልጆቹ በርረው ሄደዋል፤ ያን ጊዜ በቢላዋ ይፋቀው።