ያበጠውን እግር አትሹት

አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው ከ30 ዓመት በላይ ሠርተዋል። ሜትር ከአንገታቸው አይጠፋም። ከሁለት ዓመት በፊት የፕሮስቴት፣ ማለትም ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው እጢ፣ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ቤተሰቡ ደነገጠ። ጎረቤቱ እየመጣ «አብሽር» አላቸው። ሕክምናውም ተጀመረ። ስለ እጢው፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ሽንታቸው ብዙ ተነገረን። ስለ ደማቸው ግን የነገረን ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው ደሙም ሊታወክ ይችላል። አንዳንዴ መርጋት በማይገባው ቦታ ይረጋል። አንዳንዴ ደግሞ መርጋት ሲገባው እምቢ ይላል። ሁለቱም ይገድላሉ። ሁለቱንም ግን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቀድሞ ሊያያቸው ይችላል፣ ምን እንደሚያይ ከተነገረው።

አጎቴ እግራቸውን የታመሙት አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደው ሲመለሱ ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ጣርማ በርን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ። አጎቴ መስኮት አጠገብ እንደተቀመጡ ቀኑን ሙሉ አልተነሡም። ውሃም አልቀመሱ። ሽንት እንዳይይዛቸው ፈርተው ነው። ፕሮስቴት ያለበት ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። በየመንገዱ «ሹፌር፣ አቁምልኝ» እያሉ መለመን ለአንድ ትልቅ ሰው ሞት ነው። ጉሮሯቸው እንደደረቀ፣ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ግራ ባታቸው አበጠ። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ብቻ ተወጥሯል፣ ይሞቃል፣ ቀላ ብሏል። «መንገዱ ነው» አልን። «ብርድ ነው» ያለም ነበር። ከዚያ ሁሉም ቤት የሚደረገውን አደረግን፤ ወጌሻ ጠራን። ሰውየው በቅባት ሁለት ቀን አሹላቸው። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ከመኝታ ቤት ሳሎን እስኪደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። ደረታቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደገፉ። ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ደርሳ ባጃጅ ባታስጠራ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ባታቸው ውስጥ ረግቶ የነበረው ደም ተቆርሶ ሳንባቸው ገብቶ ነበር።

ወጌሻውን አልወቅስም። ለወለምታ እጃቸው የተባረከ ነው፤ እኔንም በልጅነቴ አሽተውኛል። ካንሰር እንዳለባቸው አልነገርናቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም። ግን ደም የረጋበት እግር አይታሽም። የረጋው ደም ከሥሩ ሊለቅና ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። የሚገድለውም ይሄ ነው።

ሐኪሞች ካንሰርና ደም መርጋት አብረው እንደሚሄዱ ካወቁ ቆይተዋል። አርማንድ ትሩሶ የሚባል የፓሪስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 ስለዚሁ አስተምሯል። ቆይቶ ያንኑ ምልክት በራሱ ሰውነት ላይ አየው። ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባው። በ1867 በጨጓራ ካንሰር ሞተ።

የካንሰር ሕዋሳት ደም እንዲረጋ የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። እውነቱን ለመናገር በዚህ የቆሽት (ፓንክሪያስ) እና የጨጓራ ካንሰር ከፕሮስቴት ይብሳሉ። ግን ፕሮስቴት የሚይዘው በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ነው። ዕድሜው አለ፣ ቀዶ ጥገናው አለ፣ አልጋ ላይ መዋሉ አለ፣ እንደ አጎቴ ያለ የአውቶቡስ መንገድ አለ። በዚያ ላይ የሆርሞን ሕክምናው ይጨመራል። ቻርልስ ሃጊንስ የወንድ ሆርሞንን በመቀነስ ይህን ካንሰር ማፈግፈግ እንደሚቻል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ በ1966 ኖቤል ተሸልሞበታል። ያኔ ይሰጥ የነበረው የሴት ሆርሞን ኪኒን ካንሰሩን ያዝ ቢያደርገውም በደም መርጋትና በልብ ሕመም ብዙ ሰው እንደሚጎዳ በኋላ ታወቀ። የዛሬዎቹ መርፌዎች ከዚያ ይሻላሉ። ሆኖም አደጋውን ጨርሰው አላጠፉትም። መርፌው ይቅር እያልኩ አይደለም። ዕድሜ ያራዝማል፤ አጎቴም አሁን ድረስ ይወስዱታል። መርፌውን የሚሰጠው ሰው ግን «አንድ እግርህ ብቻ ካበጠ በዚያው ቀን ና» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምን ይጎድልበታል? ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ይህችን ለመናገር ግን ደቂቃ አይፈጅም።

መድማቱ ደግሞ ሌላ ነው። ካንሰሩ በጣም ሲስፋፋ ደም በመላ ሰውነት፣ በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ መርጋት ይጀምራል። የደም መርጊያው ሁሉ እዚያ ያልቃል። ለሠርግ የተጋገረ እንጀራ በዋዜማው ተበልቶ እንደማለቅ ነው፤ ሠርገኛው ሲመጣ መሶቡ ባዶ ነው። እናም ትንሽ ቁስል ስትደማ የሚያቆማት ይጠፋል። ያው ሰው በአንድ ጊዜ ደሙ ይረጋል፣ ደሙም ይፈሳል። ፕሮስቴት እጢ ራሱ የረጋ ደም የሚያሟሟ ንጥረ ነገር ስለሚያመርት ነገሩን ሊያብሰው ይችላል። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ሲገባም ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ሕዋስ፣ የሚመረትበትን መቅኔ ያጨናንቀዋል። ፕሮስቴት ካንሰር ሲዛመት ደግሞ በብዛት የሚሄደው ወደ አጥንት ነው።

ይህ ቤት ውስጥ ይታያል። ጥርስ ሲፋቅ ድድ ይደማል። ነስር አልቆም ይላል። ማንም ሳይመታው ክንዱ ይበልዛል። መርፌ የተወጋበት ቦታ ሰዓት ቆይቶም ደም ያወጣል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ሽንቱ የረጋ ደም ይይዝና ይዘጋል፤ ይህኛው ሌሊትም ቢሆን የሚያስኬድ ነው። ሐኪሙ የፕሌትሌት ቁጥርና ደሙ ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት የሚያሳይ ምርመራ ያዛል። ቤተሰብ «የደሙ መርጋት ይታይልን» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም። እኛ መጠየቅ እንደምንችል እንኳ አናውቅም ነበር።

አጎቴ ሆስፒታል ሄፓሪን ተሰጣቸው፤ ከዚያ ዋርፋሪን ይዘው ወጡ። ሰው «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ነው። ደሙ ባይቀጥንም ስሙ ለምዷል። እዚህም የማናውቀው ገጠመን። ሁዳዴ ገባ። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ እንደ ወጉ ጎመን ማብዛት ጀመሩ። በቀጣዩ ምርመራ ደማቸው ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር ወርዶ ተገኘ፤ መድኃኒቱ በቂ ሥራ እየሠራ አልነበረም። ለካ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያከሽፋል። ጎመን አይበላ ማለት አይደለም። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይዘበራረቅ ነው። ጾም ሲገባና ሲፈታ ደሙን የሚከታተለው ሐኪም ይወቅ። የጎመን ጣጣ የሌለባቸው አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ለማን እንደሚሆኑ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

ከጎመኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ዳይክሎፍናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ካንሰሩ አጥንት ሲገባ ሕመሙ ከባድ ነው። ልጅ ይሮጥና ከፋርማሲ ገዝቶ ይመጣል። ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ ዳይክሎፍናክ ወይም አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጨመር ጨጓራውን ሊያደማው ይችላል። ለአጥንት ሕመም ሌላ መድኃኒት አለ። የሚሸጠው ባለሙያ «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ካልጠየቀ እኛ እንንገረው።

ለወጌሾቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ሰው በእናንተ ያምናል፤ ከሐኪም በፊት ወደ እናንተ ይመጣል። ሳይወድቅና ሳይወለም አንድ እግሩ ያበጠ ሰው ሲመጣ ከማሸታችሁ በፊት «የእጢ ሕመም አለብህ? በቅርብ ሩቅ መንገድ ሄደሃል? ተኝተህ ነበር?» በሉት። አዎ ካለ ወደ ሐኪም ላኩት። የጤና ቢሮ ሰዎችም ከተማ ውስጥ ያሉትን ወጌሾች ሰብስበው ግማሽ ቀን ቢያነጋግሯቸው ወጪው ከቡናና ከዳቦ አያልፍም።

መንገድም ይታሰብበት። ሹፌሩ ለቁርስ ሲያቆም በሽተኛው ወርዶ ይንቀሳቀስ። ዳር ሳይሆን መተላለፊያው በኩል ይቀመጥ። ተቀምጦም ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፤ ውሃም ይጠጣ። አብሮት ያለው ሰው ደግሞ ለሹፌሩና ለረዳቱ ሳይነሡ በፊት በጆሯቸው ይንገራቸው። እኛ አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው። እምቢ ያለን ሹፌር እስካሁን አላጋጠመንም።

ነርሷ ጎረቤታችን ለእትዬ አንድ ነገር አስተምራቸዋለች። ከጉልበት በታች ካለችው የአጥንት ጉብታ 10 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብሎ የሁለቱን ባት ዙሪያ መለካት ነው። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሐኪሞች በቁም ነገር ያዩታል። ልዩነቱ አነሰ ማለት ደም አልረጋም ማለት ግን አይደለም፤ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሜትሩን ጥሎ መሄድ ነው። ባለፈው እሑድ ስሄድ አጎቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሜትሩ ዛሬ እትዬ እጅ ነው።

«ዝቅ አድርጊው እንጂ፣ ጠማማ ለካሽ» ይላሉ አጎቴ።

«ዝም ይበሉ» አሏቸው። «ግራው 34፣ ቀኙ 34 ተኩል።» ከዚያ ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ጻፉት።