ግብፅን ከመድረክ ላይ ብቻ አናውቃት

ወገኖቼ፣ «ግብፅ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? ዛቻ አይደል? እኔም እንደናንተው ነኝ።

ሰኔ 3 ቀን 2005 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙርሲ ካይሮ ላይ ከዓባይ አንዲት ጠብታ ብትጎድል ምትኳ ደማችን ነው አሉ። ሳምንት ቀደም ብሎ ፖለቲከኞቻቸው ግድባችንን እንዴት እንደሚያሰናክሉ ሲመክሩ ስብሰባው በቀጥታ በቴሌቪዥን ተላልፎ ነበር። ካሜራው መከፈቱን ያላወቁም ነበሩ። ሰምተን ተቆጣን፤ መቆጣታችን ደግ ነበር። ጥፋታችን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጥቂት ሰዎችን አፍ የአንድ አገር ሕዝብ ልብ አደረግነው።

ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሰኔ 3 ቀን 2010፣ ጠቅላይ ሚኒስትራችን ዐቢይ አሕመድ እዚያው ካይሮ «ወላሂ» ብለው የግብፅን ውሃ እንደማንጎዳ ማሉ። ያን ሰሞን ግብፅ ወንድማችን ሆነች። ጥቅምት 2012 ደግሞ ፓርላማ ውስጥ ጦርነት ከመጣ ሚሊዮኖች ይሰለፋሉ አሉ። ጦርነት ለማናችንም እንደማይበጅም አብረው ተናግረዋል። እኛ ግን ሚሊዮኖቹን ብቻ ይዘን ወጣን። ሼር ያደረግነውም እሱን ነው።

እስቲ ንገሩኝ፤ በዚህ ሁሉ መሃል ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር ያለው ዳቦ ጋጋሪ ምኑ ተለወጠ?

የካቲት 2007 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ኮፕቶችን፣ የግብፅ ክርስቲያኖችን፣ አረደ። ሚያዝያ ላይ የኛን ልጆች። አንድ ቢላ ነው ያገኘን። ብዙም ሳይቆይ ከሊቢያ የተለቀቁ ኢትዮጵያውያን ካይሮ ሲገቡ ፕሬዚዳንት አልሲሲ ራሳቸው አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተው ተቀበሏቸው። ይህን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ዛቻውን ግን በቃላችን ይዘነዋል።

በቀደም ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ዜናው ላይ የግብፅ ስም ሲነሳ አንዱ «ውሃ ይጥማቸው!» አለ። ቡና የምታፈላው እናት ልጇ ካይሮ ሰው ቤት ትሠራለች። ጀበናውን አስቀመጠችና «ልጄም እኮ እዚያው ነው የምትጠጣው» አለችው።

አደራ፣ ስለ ውሃው እስከ ጥግ ተከራከሩ። ግድቡ የላባችን ነው፤ በሱ ማፈር የለም። ባለሥልጣን ሲዝት ስሙን ጠርታችሁ መልሱለት። ንግግሩንም አንድ መስመር ተቆርጦ ሲመጣላችሁ ሳይሆን እስከ መጨረሻው አዳምጡት። ሕዝቡን ግን አትርገሙ። ልጆቻችሁ ፊት ደግሞ ፈጽሞ አትርገሙት፤ እነሱ ግብፅን ገና አላወቋትም።